ሽማግሌን ተቀምጦ ብቻ ስለ ማክበር

(በተማሪዎች ማኅበር የስፖርት ክፍል፣ በቴኒስ ተጫዋቾች ስም ለጠቅላላው ስብሰባ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ለመናገር ነው። ትንሽ ነገር ማለታችንም ስለ ኳስና ስለ መረብ የምንናገር በመሆናችን ነው። ሆኖም ትንሹ ነገር ትልቁን ገልጦ የሚያሳይበት ጊዜ አለና፣ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንለምናለን።

እንደምታውቁት የሚመጣው ስብሰባ ከሚወስናቸው ጉዳዮች አንዱ የግቢያችን የቴኒስ ሜዳ ሰዓት ነው። የቀረበው ሐሳብ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሜዳው ለተማሪዎች ብቻ ይሁን፤ መምህራንና ሠራተኞች፣ ጡረታ የወጡትም ጭምር፣ በሌላ ጊዜ ይጫወቱ የሚል ነው። «ሌላ ጊዜ» የተባለው የትኛው እንደሆነ አልተጻፈም። ይህን ሐሳብ ያረቀቅነው እኛው የቴኒስ ተጫዋቾች ነን። ዛሬ ሐሳቡን ለመቃወም የመጣነውም እኛው ነን። ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደተሻገርን ማስረዳት ይገባናል።

ከሁለት ወር በፊት፣ በአንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አራት ሆነን ከክፍል ወጥተን ወደ ሜዳው ስንወርድ፣ ከሒሳብ ክፍል ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ከአንድ መምህር ጋር ይጫወቱ ነበር። አዛውንቱ ኳሱን የሚመቱት ቀስ ብለው ነው፤ ግን ወደ ፈለጉበት ይሄድላቸዋል። መምህሩ ይሮጣሉ፤ እርሳቸው ቆመው ይጠብቃሉ። እኛም ጥቂት ካየን በኋላ ትዕግሥታችን አለቀና ከመካከላችን አንዱ እጅ ነሥቶ፣ «አባባ፣ ደከሙ እኮ፤ ይበቃዎታል፣ ይረፉ» አላቸው። ቃሉ የአክብሮት ቃል ነበር። ሥራው ግን ማባረር ነበር። አዛውንቱ ቀና ብለው አዩንና «እሺ ልጆቼ፤ ሜዳው የእናንተ ነው» አሉ። ራኬታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ሜዳው አልተመለሱም።

በዚያን ጊዜ አንዳችንም ክፉ ነገር የሠራን አልመሰለንም። እንዲያውም በሳምንቱ የሰዓቱን ሐሳብ አርቅቀን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሰጠን። ሐሳቡ እንዲጸድቅልን ማስረጃ ያስፈልጋል ብለንም፣ ቴኒስ የወጣት ጨዋታ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር መፈለግ ጀመርን። ፍለጋው ያመጣልን ግን የጠበቅነውን አልነበረም። ያገኘነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን የተመሠረተው በ1913 በፓሪስ ነው። በዓለም የታወቁት ትልልቅ ውድድሮችም ለረጅም ጊዜ የብርቱ ወጣቶች መታያ ነበሩ። በ1958 ግን ዕድሜያቸው 45 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ወንዶች ብቻ የሚሆን፣ ቡድን ከቡድን የሚጋጠምበት፣ ዱብለር ዋንጫ የተባለ ውድድር ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ዋንጫዎች እየተጨመሩ ሄዱ፤ ለሴቶችም እንዲሁ ተደረገ። የውድድሩ ስም በመጀመሪያ «ቬተራን»፣ ቀጥሎ «ሲኒየር» ይባል ነበር፤ ዛሬ «ማስተርስ» ይባላል። ስሙ ሁለት ጊዜ መለዋወጡ ብቻውን አንድ ነገር ያስረዳል፤ ይኸውም በዕድሜ የገፋን ሰው ሳያስቀይሙ እንዴት እንደሚጠሩት ፈረንጆቹም መቸገራቸውን ነው።

የውድድሩ አሠራር እንዲህ ነው። ተጫዋቾቹ በየአምስት ዓመቱ በዕድሜ ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ክፍል ከ30 ዓመት ጀምሮ ያሉት ነው፤ ቀጥሎ 35፣ 40፣ 45 እያለ 90 ዓመትና ከዚያ በላይ እስከሆኑት ይደርሳል። የዓለሙ ሻምፒዮና በሦስት ይከፈላል፤ አንዱ እስከ 45 ዓመት ላሉት ክፍሎች፣ አንዱ ከ50 እስከ 60፣ አንዱ ደግሞ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ነው። መጀመሪያ አገሮች በቡድን ይጋጠማሉ፤ አንድ ግጥሚያ ማለት ሁለት የነጠላና አንድ የጥንድ ጨዋታ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሰው በየግሉ ይወዳደራል። ከዓለሙ ሻምፒዮና ሌላ በየአገሩ ዓመቱን ሙሉ የሚደረጉ ውድድሮች አሉ፤ ያሸነፈ ነጥብ ያገኛል፤ ነጥቡም ተደምሮ በዓለም ስንተኛ እንደሆነ ይጻፍለታል።

በዚህ አሠራር ውስጥ እኛን በጣም ያስገረመን አንድ ሕግ አለ። አንድ ሰው ወደሚቀጥለው ክፍል ለመግባት በዚያው ዓመት እስከ ዲሴምበር 31 ቀን ዕድሜውን የሚሞላ መሆን ብቻ ይበቃዋል። እስቲ የዚህን ሕግ ፍሬ አስቡት። የ64 ዓመት ሰው ከእርሱ አራት ዓመት የሚያንሱ እየቀደሙት ይቸገራል። አንድ ዓመት ሲጨምር ግን ወደ 65 ክፍል ይገባና የክፍሉ ልጅ ይሆናል። በሌላው የኑሮ ክፍል ዕድሜ ሲጨመር ከሰውየው ነገር እየተቀነሰ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ ሥልጣኑ፣ ቀጥሎም ተሰሚነቱ። በዚህ ውድድር ግን ሰው የልደት ቀኑን እንደ ሕፃን በጉጉት ይጠብቃል። ይህን ያደረገው መድኃኒት አይደለም፤ የክፍፍል ሥርዓት ነው። ሰው እኩያውን እንዲገጥም ካደረጉት ጨዋታው ሙሉ ጨዋታ ይሆናል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሰዎቹ እንናገር።

ጋርድነር መሎይ የተባሉት አሜሪካዊ በ1913 ተወለዱ። በ1957 በዊምብልደን የወንዶች ጥንድ ውድድር ከበጅ ፓቲ ጋር ሆነው አሸነፉ። ያሸነፏቸው ተጋጣሚዎች ከሃያ ዓመት እምብዛም ያልዘለሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሲሆኑ፣ የመሎይ ዕድሜ ግን በዚያን ጊዜ 43 ዓመት ነበር። ብዙ ሰው ይህ የመጨረሻቸው ነው ሳይል አልቀረም። እርሳቸው ግን በሽማግሌዎቹ ውድድር ውስጥ ገብተው ለብዙ አሥርተ ዓመታት ተጫወቱ፤ በ2016 ሲያርፉ 102 ዓመታቸው ነበር። ዛሬ 80 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ወንዶች በቡድን የሚጋጠሙበት ዋንጫ በስማቸው ይጠራል።

ዶሮቲ ቼኒ የተባሉት አሜሪካዊት እናታቸው ሜይ ሳተን በ1905 የዊምብልደን አሸናፊ ነበሩ። ልጅቱም በ1938 የአውስትራሊያን ሻምፒዮና አሸነፉ። ይህን ካደረጉ በኋላ ቢያርፉ ማንም ባልነቀፋቸው ነበር። ነገር ግን ከ40 ዓመታቸው በኋላ በአሜሪካ የአገር አቀፍ የዕድሜ ክፍሎች ውድድር ላይ፣ በነጠላና በጥንድ ጨዋታ፣ 394 ጊዜ አሸናፊ ሆኑ። በዚያ አገር ለእንዲህ ያለው አሸናፊ የሚሰጠው ወርቅማ መልክ ያላት ትንሽ ኳስ ናት። ገንዘብ አይደለም። ወይዘሮ ቼኒ በ2014 በ98 ዓመታቸው አረፉ። የወጣትነታቸው ታላቅ ድል አንድ ሲሆን፣ የእርጅናቸው ድል ግን እስከ 400 ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

ሦስተኛው ሰው ሌዎኒድ ስታኒስላቭስኪ ናቸው። ዩክሬናዊ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የጦር አውሮፕላን በመሥራት ሥራ ላይ ነበሩ። ራኬት የጨበጡት በ30 ዓመታቸው ገደማ ነው፤ ይህ ማለት ከእኛ ከብዙዎቻችን ገና አሥር ዓመት ያህል ዘግይተው ማለት ነው። በ2021፣ በ97 ዓመታቸው፣ በስፔን በማዮርካ ደሴት በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ላይ 90 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ክፍል ተጫወቱ። በሚከተለው ዓመት ጦርነት ወደሚኖሩበት ከተማ ወደ ካርኪቭ መጣ። ቦምብ በሚወርድበት በዚያ ወራት እንኳ ለጋዜጠኞች የተናገሩት፣ ጦርነቱን አልፈው ከሮጀር ፌዴረር ጋር አንድ ቀን ለመጫወት ያላቸውን ምኞት ነበር።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ በአገራችን «ዕድሜ ለንስሐ» ይባላል። መልካም ምርቃት ነው፤ እኛም አንቃወመውም። ነገር ግን ይህን ምርቃት ስንሰማ ዕድሜ የሚሰጠው ያለፈውን ለማሰብ ብቻ ይመስለናል። እኒህ ሰዎች የሚያስቡት የሚቀጥለውን ግጥሚያ ነው። የ97 ዓመት ሰው ነገን ካሰበ፣ በ22 ዓመታችን «ለዚህስ ጊዜው አለፈ» የምንል እኛ ምን ልንባል ነው?

ሆኖም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነንና የሚያስደስተንን ብቻ መርጠን ማቅረብ አይገባንም። በኮፐንሃገን ከተማ ወደ 8,600 የሚሆኑ ሰዎች እስከ 25 ዓመት ድረስ ተከታትሎ የተመዘገበ አንድ ጥናት አለ፤ ውጤቱ በ2018 ታተመ። በጥናቱ መሠረት ቴኒስ የሚጫወቱት ምንም ስፖርት ከማይሠሩት ይልቅ በአማካይ 9.7 ዓመት ያህል የበለጠ ዕድሜ ነበራቸው፤ እግር ኳስ ለሚጫወቱት ልዩነቱ 4.7 ዓመት ነበር። ይህን ስናነብ በመጀመሪያ እጅግ ደስ አለን። ቀጥሎ ግን እንደተማርነው መጠየቅ ግዴታችን ሆነ። ዕድሜያቸውን ያረዘመው ራኬቱ ነውን? ወይስ ራኬት ለመግዛት፣ ሜዳ ለመከራየትና ትርፍ ሰዓት ለማግኘት የሚችል ሰው ቀድሞውንም በምቾት የሚኖር ነው? እንዲህ ያለው ጥናት ሁለቱ ነገሮች አብረው መገኘታቸውን እንጂ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም። ስለዚህ ሽማግሌዎች ይጫወቱ የምንለው ዕድሜ ይጨምርላቸዋል ብለን አይደለም።

ሌላም እውነት አለ። በእነዚህ ውድድሮች አብዛኛውን ጊዜ የገንዘብ ሽልማት የለም። መመዝገቢያውንም፣ የመንገዱንም፣ የማደሪያውንም ወጪ የሚችለው በአብዛኛው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ውድድሩ ዓለም አቀፍ ይባል እንጂ በሩ የሚከፈተው ጡረታው ለአውሮፕላን ለሚበቃ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ይህን የሚያሳይ አንድ ታሪክ እነሆ።

አልቲያ ጊብሰን የተባሉት ጥቁር አሜሪካዊት በ1956 የፈረንሳይን፣ በ1957ና በ1958 የዊምብልደንን የነጠላ ሻምፒዮና አሸነፉ። ለጥቁር ሕዝብ ሁሉ በሩን የከፈቱት እርሳቸው ናቸው። ዛሬ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሴቶች በቡድን የሚጋጠሙበት ዋንጫ አልቲያ ጊብሰን ዋንጫ ይባላል። ነገር ግን እርሳቸው ራሳቸው ወደ 70 ዓመት በተጠጉበት ጊዜ ታመውና ተቸግረው በቤታቸው ተዘግተው ነበር። የደረሱላቸው በ1956 በዊምብልደን አብረዋቸው የጥንዱን ውድድር ያሸነፉት እንግሊዛዊቷ አንጀላ በክስተን ናቸው። በክስተን የጓደኛቸውን ችግር ለቴኒስ ወዳጆች ቢያሰሙ ከብዙ አገር ገንዘብ በፖስታ መጣላቸው። እንግዲህ ዋንጫ በስም መሰየም ቀላል ነው፤ ስሙ የተጠራውን ሰው ሄዶ ማየት ግን ሌላ ሥራ ነው።

ይህን ካነበብን በኋላ ነበር እርስ በርሳችን መተያየት የጀመርነው።

እኛ ሽማግሌ አክባሪ ሕዝብ ነን ብለን እንመካለን። እውነትም ነው። ሽማግሌ ሲመጣ ከመቀመጫችን እንነሣለን፤ በሠርግ ከፍ ካለው ስፍራ እናስቀምጣለን፤ ጠብ ሲነሣ ከዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ እንዲያስታርቀን እንለምናለን፤ ሲመርቀን አሜን እንላለን። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ ሽማግሌው ተቀምጧል። ተነሥቶ ሲሮጥ፣ ሲያልበው፣ ኳስ ስቶ ራሱን ሲወቅስ፣ ማሸነፍ ሲፈልግ ያየነው እንደሆነ ክብራችን ወደ ሣቅ ይለወጣል። «አይ አባባ!» እንላለን። ስለዚህ ያከበርነው ሰውየውን ሳይሆን መቀመጡን ነው ቢባል ምን መልስ አለን? መቀመጫ መልቀቅ አያስቸግረንም፤ መቀመጫ ሞልቷልና። ያልለቀቅነው ሜዳውን ነው፤ ሜዳው አንድ ብቻ ነውና።

በሐሳባችን ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ እናውቃለን፤ ብዙዎቹን ያነሣናቸው እኛው ነበርንና።

አንደኛው ሜዳው አንድ፣ ተማሪው ብዙ ነው የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የተመዘገበበትን ደብተር ገልጠን ብንመለከት፣ መምህራንና ጡረተኞች ከ10 ሰዓት በኋላ ሜዳውን የያዙት በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑም አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። እኛ ተመዝግበን ሳንመጣ ባዶውን ያደረው ሰዓት ከዚህ ይበልጣል። ሜዳው የጠበበው በሽማግሌዎች ሳይሆን በእኛ ቃል አለማክበር ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ይደርስባቸዋል የሚል ነው። ለዚህም በዓለሙ ውድድር የተገኘው መልስ መከልከል ሳይሆን ጨዋታውን ለሰውየው ማመቻቸት ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተጋጣሚዎች አንድ አንድ ዙር ካሸነፉ ሦስተኛውን ዙር በሙሉ አይጫወቱም፤ መጀመሪያ አሥር ነጥብ ያገኘ፣ በሁለት ነጥብም የበለጠ፣ ያሸንፋል። ሩጫው የከበደው በጥንድ ይጫወታል። ሰው እስከሚችለው ድረስ መጫወት ይችላል፤ የሚችለውንም የሚያውቀው ራሱ ነው እንጂ ከመስመር ውጭ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ ተማሪ አይደለም።

ሦስተኛው ይህ የባለጸጎች አገር ቅንጦት ነው የሚል ነው። በአውሮፕላን ዞሮ መጫወቱ እውነትም ቅንጦት ነው፤ ይህን ከላይ አልሸሸግንም። ነገር ግን ከዚያ የምንወስደው አውሮፕላኑን አይደለም። የምንወስደው እኩያን ከእኩያ የማገናኘቱን ሥርዓት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና ጥቂት ፈቃደኝነት ብቻ ነው። እንዲያውም ገንዘብ ያለው ሰው ሌላ ሜዳ ተከራይቶ ይጫወታል። የግቢያችንን ሜዳ ብንዘጋባቸው ሌላ የማያገኙት በትንሽ ጡረታ የሚኖሩት ናቸው።

በመጨረሻ ስለ አዛውንቱ እንናገርና ንግግራችንን እንፈጽም።

ባለፈው ቅዳሜ አራታችንም ሆነን ወደ ቤታቸው ሄድን። በደስታ ተቀበሉን፤ ቡና አስፈሉልን። ይቅርታ ልንጠይቅ ብንጀምርም ነገሩን ወደ ሌላ እየወሰዱ አላስጨረሱንም። ስለ ትምህርታችን ጠየቁን፤ ከየት አገር እንደመጣን ጠየቁን። ልንወጣ ስንነሣ ግን አንድ ነገር አሉን፤ «መረቡ በመካከሉ ተበጥሶ ነበር፤ ያሰረው ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ።

እኛ እርስ በርሳችን ተያየን። መረቡ በእርግጥ ከአንድ ወር በላይ በመካከሉ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እኛም በስፖርት ክፍሉ ስንማረር ሰንብተናል። ቀደም ሲል በየጊዜው በሲባጎ እያሰሩ የሚያቆዩት እርሳቸው እንደሆኑ የሰማነው ያን ጊዜ ነው። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አልከፈላቸውም፤ ማንም አላያቸውም። ሜዳው የእናንተ ነው ብለው የሄዱት ሰው ሜዳውን ሲጠብቁ የኖሩት ሰው ነበሩ።

ስለዚህ ለስብሰባው የምናቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ያረቀቅነው የሰዓት ሐሳብ ይሰረዝ። ሁለተኛ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ሜዳው ለመምህራን፣ ለሠራተኞችና ለጡረተኞች በደብተር ይጻፍ፤ እነርሱ ካልመጡ ተማሪው ይግባ። ተመዝግቦ ሳይመጣ የቀረ ተማሪም በሚቀጥለው ሳምንት ተራው ይለፈው። ሦስተኛ፣ በዓመት አንድ ጊዜ በዕድሜ ክፍል የተመደበ ግጥሚያ በግቢያችን ይደረግ። ለአሸናፊው የምንሰጠው ዋንጫ የለንም፤ ጭብጨባችን ግን ከሣቅ የጠራ ይሁን።

መረቡን ትናንት አስረነዋል። አስተሳሰራችን አያምርም፤ እርሳቸው ሲያዩት እንደገና መፍታታቸው አይቀርም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንዲመጡ ነግረናቸዋል። «ይታያል» አሉን እንጂ እመጣለሁ አላሉም። ቢመጡ ሜዳውን ተከፍቶ እንዲያገኙት ማድረጉ፣ ክቡራን መምህሮቻችንና ውድ ጓደኞቻችን፣ በእናንተ ድምፅ የሚወሰን ነው።